በቀይ እስክሪብቶ ስለተሰረዘችው እናት

ለተከበሩ የአግሪቢዝነስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወንበርዎስ፣ ማኅተምዎስ ደህና ናቸው? እኔ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ሽንኩርት በጅምላ የምሸጥ ሴት ስሆን፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ መጠይቅ አስይዘው ስለሚልኩልኝ ተማሪዎች ከልብ አመሰግናለሁ። ሽንኩርት ለምን እንደሚበሰብስ፣ መቼ እንደሚወደድ፣ ጆንያው እንዴት እንደሚደረደር ጠይቀውኝ ሲያበቁ ዕድሜዬን ጽፈው ይሄዳሉ። እስካሁን በአምስት የመመረቂያ ጽሑፎች «መላሽ ቁጥር አንድ» ተብዬ ገብቻለሁ፤ አምስቱም በከፍተኛ ውጤት አልፈዋል። እንኳን ደስ አለን!

ሁለተኛ፣ በርዎ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ተመራቂዎችዎ የኤክስፖርት ሥራ አስኪያጅ፣ የገበያ ተንታኝና የእርሻ አማካሪ እንደሚሆኑ ይናገራል። እሰይ! ከማውቃቸው ሦስት የአምና ተመራቂዎች አንዱ ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱ እኔ ዘንድ ተቀጥረዋል። ጎበዞች ናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት እርጥቡን ከደረቁ ከመደባለቃቸው በቀር። የእኔንም መጋዘን ማስታወቂያው ላይ ቢጨምሩልኝ ክብሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጄ እርስዎ ዘንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ሦስት ወር ሙሉ መጋዘኔ ውስጥ ጆንያ እየፈታች፣ የበሰበሰውን ከደህናው እየለየች መዘነች። ምንጩን ስትጽፍ ግን፣ ሞኟ ልጄ፣ «እናቴ» ብላ ጻፈች። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ የእናት ወሬ ሳይንስ እንዳልሆነ ጽፈው መለሱላት። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። እኔም አንጀቴ አርሯል፤ ይህን አልደብቅዎም።

ሐሙስ ዳግም ለፈተና ትቀርባለች፤ ካልተሳካላት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ ይህን ብቻ ነው፤ በ«እናቴ» ቦታ «መላሽ ቁጥር አንድ» ብትል ሽንኩርቱ ሳይንስ ይሆናል ወይ? ከሆነ ዛሬውኑ ትለውጠዋለች። እኔ ግን ባትለውጠው ደስ ይለኛል።

ዕውቀትዎ ይብዛ፣ እስክሪብቶዎም አይንጠፍ እያልኩ፣ ከነሽርጤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
መላሽ ቁጥር አንድ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ፣ በላስቲክ አፍነው ያስቀመጡትና የበሰበሰብዎትን ሽንኩርት ይዘው ወደ መጋዘኔ መጥተው ነበር። ያለ ክርክር በደህና የለወጠችልዎ፣ በወንፊት ከረጢት አንጠልጥለው እንዲያቆዩትም የመከረችዎ ልጅ፣ ከአቧራው ብዛት እስከ ዓይኗ በሻሽ ተሸፍና ስለነበር አላወቋትም እንጂ፣ ተማሪዎ ናት። ምክሩን የሰማችው ከእናቷ ነው። ሽንኩርቱ እስከ ሐሙስ ደህና ከቆየ፣ እባክዎ ለፈታኞቹ ይዘውላቸው ይምጡ።