ለባለዕዳዬ ዋስ ሁኚ ተባልኩ

ሰኞ

ጓደኛዬ ጫልቱ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ተደርጋ ዛሬ ቤቷ ገባች፣ ተመስገን። በዎከር፣ በዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው የምትሄደው፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ገና ከበሩ ስገባ "መጣሽ? ሳልሞት ቀረሁብሽ" ብላ ተቀበለችኝ። ትልቋ ልጇ ከአፕል ቫሊ አራስ ልጇን ይዛ መጥታ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ወንዱ ደግሞ ከሜፕልዉድ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል ተብሏል። መድኃኒቱ ምግብ ከለከለኝ ትላለች፣ የአጃ ሾርባዬን ግን ጠርጋዋለች።

ባሏ ጋሽ ነጋሳ ሻይ አቀረቡልኝ። የዕቁቡ ዳኛ እሳቸው ናቸው። ለወሬ ያህል "ትናንት ዕጣው ለማን ወጣ?" አልኳቸው።

"ለአበልጅሽ፣ ለተስፋዬ።"

ሻዩን አስቀመጥኩት። ተስፋዬ! እኔ ገንዘቤን ስጠይቀው "ገበያው ቀዝቅዟል" የሚለኝ ሰውዬ በየእሁዱ ሁለት መቶ ዶላር ዕቁብ ይጥላል!

እንዲወጣልኝ ልጻፈው። ሴንት ፖል ላለው ምግብ ቤቱ በርበሬና ሽሮ የማቀርብለት እኔ ነኝ። በዓመቱ መጀመሪያ ያ ሱፐር ቦል የሚሉት ጨዋታ ከተማችን ሲመጣ "እንግዳ ሊጎርፍ ነው፣ እጥፍ አድርገሽ አምጪ" አለኝ። አመጣሁ። እንግዳው ስታዲየሙ አጠገብ በልቶ ወደ አገሩ ሄደ፤ እሱ ሰፈር ድረስ ማን ይመጣል? ያንን ሳይከፍል ሌላ ወሰደ፣ ሌላውን ሳይከፍል ሌላ። ይኸው አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ደርሷል።

እኔ ደግሞ ብሩክሊን ሴንተር ለተከራየሁት ኩሽና የሁለት ወር ኪራይ አለብኝ። አከራይዋ ሞንግ ከሚባሉት የእስያ ሰዎች ናት፣ ደግ ናት፤ ግን "እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" ብላኛለች። ወፍጮዬ እዚያ ነው። ኩሽናው ከሄደ ሥራዬም ሄደ። ተመልሼ ነርሲንግ ሆም አዛውንት ልጦር ልግባ? አልገባም!

ማክሰኞ

ሄድኩበት። የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ሰዉ ሁሉ ድራይቭ ማድረግ የረሳ ይመስላል። እየተንፏቀቅኩ ደረስኩ።

የተስፋዬን ዘዴ አውቀዋለሁ። ሲያየኝ "አበልጄ!" እያለ ከኩሽና ይወጣል። ደንበኛ መሐል ያስቀምጠኛል፣ ትሪ ያስመጣል፣ በእጁ ያጎርሰኛል። አንድ ያጣላል ብሎ ይደግመኛል። እንግዲህ ከሰው እጅ ጎርሶ በዚያው አፍ "ገንዘቤን አምጣ" እንዴት ይባላል? ስንቴ ጠግቤ ባዶ እጄን ተመለስኩ! ያውም እኮ የሚያጎርሰኝ የገዛ በርበሬዬን ነው።

ዛሬ ኮቴን አላወለቅኩም። አልተቀመጥኩምም።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ ዶሮው አሁን መውጣቱ ነው።"

"ዶሮውን ተወውና ዕጣው እንዴት ነው?"

ፊቱ ልውጥ አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ሰው ሁሉ ባለበት የወጣ ዕጣ ሚስጥር ነው እንዴ?"

ትልቁ ፍሪጅ ተበላሽቷል፣ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው፣ ገንዘቡ ገና ሳይያዝ አልቋል፣ አንድ ሳምንት ታገሺኝ... ይህን ሁሉ እያወራ ጠቅልሎ ወደ አፌ መጣ። ከንፈሬን ገጠምኩ። እሱም እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ እኔም ገጥሜ ቆምኩ። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያየናል። መጨረሻ ላይ ራሱ ጎረሰው።

መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ደስ ብሎኛል። ርቦኝም ነበር፣ ሽታው ገደለኝ፤ ምን ይደረግ።

ረቡዕ

ልጄ ሜሮን ደወለች። ነገርኳት። "ማሚ፣ ጀስት ሱ ሂም" አለች። ክሰሽው መሆኑ ነው።

"በምን ልክሰሰው?"

"ያስፈረምሽው ወረቀት የታለ?"

"ወረቀት? ልጁን ክርስትና ያነሳሁለትን ሰው ፈርም ልበለው?"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ" አለች። ተናደድኩ፣ ግን እውነቷን ነው። ያቺ አከራይ ቁልፉን ስትሰጠኝ እጄ እስኪዝል አስፈርማኛለች፤ አልተቀየምኳትም። ለአበልጄ ሲሆን በርበሬውን በ"እሺ" ብቻ ጭኜ ወሰድኩለት። ብጠይቀው "ናቀችኝ" ይላል ብዬ። እንደኛ ያለ ሰው ይኖራል?

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ተስፋዬ ቀድሞ ከሶኛል ለካ!

"ልጄ፣ ሰው ፊት ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነው።"

"የሰው ዕቃ ወስዶ አለመክፈልስ፣ አባቴ?"

"እሱም ነውር ነው" አሉ።

"እንግዲያው ከትልቁ ነውር ይጀምሩ፣ ከዚያ እኔን ይቆጡኛል።" ሳቁና ዘጉ።

ሐሙስ

ጉድ እኮ ነው! ተስፋዬ ራሱ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እንኳ ሳያራግፍ። ሊከፍለኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ለካ ዋስ ፍለጋ ነው።

ዕቁቡ ገና ብዙ ይቀረዋል። አሁን በልቶ መጣሉን ቢያቆም ለሌሎቹ የሚከፍለው ዋሱ ነው። ስለዚህ ጋሽ ነጋሳ "ዋስ ሳታመጣ አንድ ዶላር አልሰጥህም" ብለውታል። ያልለመነው ሰው የለም። አንዱ አገር ቤት ልሄድ ነው አለው፣ አንዱ ሚስቴን ላማክር ብሎ ጠፋ።

"ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" አለኝ።

ሳቄ መጣ። "የኔን ሳትከፍል ለሌላው ዋስ ልሁንህ?"

"እጄ እንደገባ እሰጥሻለሁ፣ በልጄ ያዢኝ።"

"ልጅህ የኔም ልጅ ናት፣ እሷን ተዋት። ስማኝ፤ እፈርማለሁ። ግን ጋሽ ነጋሳ መጀመሪያ የኔን ቆጥረው ለኔ ይሰጡኛል፣ የተረፈው ያንተ ነው። ከእንግዲህ በርበሬ እጅ በእጅ። የዕቁቡንም መዋጮ በየእሁዱ ምግብ ቤትህ መጥቼ ከእጅህ ተቀብዬ የማደርሰው እኔ ነኝ።"

"ሕፃን አደረግሽኝ? አታምኚኝም ማለት ነው?"

"እስካሁን ያመንኩህ አይበቃህም?"

በሩን ጓ አድርጎት ወጣ። ይሂድ!

ዓርብ

አልደወለም።

አከራይዋ ደወለች። እውነቱን ነገርኳት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዕቁብን ሳስረዳት አላበኝ። ለካ በነሱም ዘንድ ገንዘብ እያዋጡ በተራ መውሰድ አለ! ሳቀችና "ሰኞ ጠዋት፣ ከሰዓት አይደለም" ብላ ዘጋች። ሰኞ ጠዋት። ተመስገን ነው።

ግን ፍርሃቴንም ልጻፈው እንጂ። ፈርሜለት ቢያቆምስ? በየሳምንቱ ሁለት መቶ ዶላር ከየት አባቴ አመጣለሁ? ካልፈረምኩ ደግሞ ዕቁቡን አያገኝም፣ እኔም አላገኝም፣ ኩሽናዬም ሄደ። ወዲያ ብለው ገደል፣ ወዲህ ብለው ገደል። ስልኩን ሁለቴ አንስቼ ልለማመጠው ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አልለማመጥም። የሸጥኩት በርበሬ ነው እንጂ ራሴን አይደለም።

ቅዳሜ

ዛሬም አልደወለም። ሽሮ ስፈጭ ዋልኩ። ወፍጮዬን ሳጸዳት "የትም አትሄጂም" አልኳት። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይል ነበር።

እሁድ

በጫልቱ ጉልበት ምክንያት ዕቁቡ ዛሬ እነሱ ቤት ተሰበሰበ። እኔ አባል አይደለሁም፤ በሽተኛ ልጠይቅ ብዬ ገባሁ። ጫልቱ ጥቅሻ ሰጥታኝ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ተስፋዬ ዘግይቶ መጣ። ጋሽ ነጋሳ "ዋስህስ?" አሉት። ምንጣፉን እያየ "አስካለ ናት" አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ የበላኝን ያውቃል ለካ።

"እውነት ነው?" አሉኝ።

"እውነት ነው፣ ግን ውል አለኝ" ብዬ ተነሳሁ። ለሱ ብቻ የነገርኩትን አንድ በአንድ ሰው ፊት ደገምኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ሰውዬ ከጥግ "ጋሽ ነጋሳ፣ ዳኝነቱን ያስረክቧት!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተስፋዬም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

"እሺ ብያለሁ" አለ።

"እሺን አውቃታለሁ። ይጻፍ" አልኩ።

ተጻፈ። እሱ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ። ጋሽ ነጋሳ ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ እያደረጉ የኔን ለይተው ቆጠሩልኝ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ዋስነቱ ትከሻዬ ላይ መቀመጡም ይሰማኛል።

ሰኞ

ጠዋት ሳይረፍድ ኪራዩን ከፈልኩ። አከራይዋ "ዕቁብ ጉድ!" አለችኝ፣ ዕቁቡን በአማርኛ፣ ጉዱን በእንግሊዝኛ፤ ጥሩ ማለቷ ነው። ለሜሮን ደውዬ "አስፈረምኩት" ስላት ጮኸች።

ጫልቱ በዎከሯ እየተጎተተች መጣች፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ የመጀመሪያ መውጫዋ ናት። "ዋስ ሆንሽለት አይደል? እንግዲህ እንዳይታመምብሽ ጸልዪለት" አለችኝ። ከፋች! ግን እውነቷን ነው፣ ዛሬ ስሙን በጸሎት አንስቻለሁ።

እሷ እንደወጣች ተስፋዬ መጣ። አሥር ፓውንድ በርበሬ ፈልጎ ነው። አፉን ሳይከፍት ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መዘንኩለትና ምርቃት ጨመርኩለት፤ የልማዴ ነው፣ እጄ እምቢ አይለኝም። ብዙም አልተያየን። ከበሩ ደርሶ ዞረ።

"እሁድ ስትመጪ ባዶ ሆድሽን ነይ።"

"መጀመሪያ መዋጮው" አልኩት።

"መጀመሪያ መዋጮው" አለ። "ከዚያ በኋላ ጉርሻዬን እምቢ ብትዪኝ ግን፣ ለሽማግሌ ሳይሆን ለክርስትና ልጅሽ ነው የምነግራት።"