«ፍላጎት የላትም» ተብሎ ስለተሰረዘው ቀን መቁጠሪያ

ለክቡር አቶ ዝናው አስረስ
የዋርካ ነፃ ሶፍትዌር በጎ ፈቃደኞች ማኅበር የጥቅሎች ቦርድ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ መብራትዎ አይጥፋ፣ ኔትወርክዎ አይቆራረጥ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ እያልኩ ከሐይቅ ከተማ እጅ እነሳለሁ። ሂዳያ ኡበይድ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቦርድዎ ግን የሚያውቀኝ «ምላሽ የማይሰጡ ጠባቂ» በሚል ማዕረግ ነው፤ በሹመቱ ከልብ ኮርቻለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ዋርካ አሮጌ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ሶፍትዌር ነው። ክፍሎቹ ጥቅል ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅል የሚያርመውና የሚያድሰው አንድ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ አለው። የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የጻፈው ባድሩ የሚባል የደሴ ልጅ ዓረብ አገር ሄዶ ሥራ ሲበዛበት፣ ጥቅሉ ዘወር ብሎ የሚያየው አጣ። 2011 ዓ.ም. ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንዳላት መቀበል አቃተውና ሱቄ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀጥ አደረጋቸው። አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት በዚያ ዘመን እኔም ድርሻዬን ልወጣ ብዬ ጥቅሉን ከወደቀበት አነሳሁት፣ አረምኩት፣ ጠባቂውም ሆንኩ። አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ተያይዘው ተሰናበቱን። እኔና እናቴ ወይዘሮ ኡሙሀኒ ልንሰደድ ስንነሳ ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ብይዝ፣ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ተሸክመሽ ማን ሊያሳልፍሽ ነው?» ብላ ነጠቀችኝና ጓዳ ትተነው በምንሄደው በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። «የሚነካውን ሌባ አላህ ያስነጥሰው!» ብላም መረቀችው። ደብረ ብርሃን ከተፈናቃዮች ጋር ወለል ላይ ተኝተን በነበረበት ሰሞን፣ ቦርድዎ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለሱ ፍላጎት እንደሌለዎት ይቆጠራል» የሚል ኢሜይል ልኮልኝ ኖሯል። እውነትዎን ነው፤ ያን ሰሞን ፍላጎቴ ብርድ ልብስ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መርዶ አነጋገርዎ። አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ቤታችን ተመለስን። ሱቄ ተራቁቷል፤ በርበሬው ግን ንቅንቅ አላለም። መብራትና ኔትወርክ ሲመለሱ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ማራገቢያው መዞር እንደጀመረ በሆዱ የያዘውን በርበሬ ፊታችን ላይ ነሰነሰው፤ እኔም እናቴም እንባችን እየወረደ እናነጥስ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጥቅሌ መሰረዙን የሚያረዳውን የቦርድዎን ማስታወቂያ እያነበብኩ ነበርና «ቀን መቁጠሪያው» አልኳቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ። ከቦርድዎ ይልቅ እሳቸው አጽናንተውኛል።

ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን ስላደረጉት ፈጣን እድገት። ወዳጄ ሰርካለም ውጫሌ አስተማሪ ናት። ከትምህርት ቤቷ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ተዘርፈው፣ ሌባ የናቃቸው አሮጌዎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ እነሱ ደግሞ ከዋርካ በቀር ሌላ አይሸከሙም። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን ልትመዘግብ ስትል፣ ዋርካ ሲታደስ ቀን መቁጠሪያው ስለተሰረዘ ኮምፒውተሩ ዘመኑን በፈረንጅ፣ የልደት ቀኑን በእኛ ቆጠረና የአሥራ አራት ዓመቱን ልጅ ሁሉ ሃያ ሁለት አደረገው። የምዝገባው ዝርዝር ተመልሶ መጣ፤ መዝጊያው ደረሰ፤ ስንት ወር ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች ፈተናም ሊያመልጣቸው ሆነ። አያ ጠሃ የሚባሉ የአምባሰል ገበሬ ግን ወሬውን ሰምተው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። «ልጄ ሃያ ሁለት ከሞላው ምነው እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ? ወላሂ፣ ድሮ ድሬው ነበር!» ብለው በዚያው ሽማግሌ ሊልኩ ወጡ።

አራተኛ፣ ስለ ደንብዎ ጥልቀት። ጥቅሉ ይመለስልን ብዬ ባመለክት፣ የተሰረዘ ጥቅል የሚመለሰው የዚያው ቋንቋ ጥቅሎች ጠባቂ ሲመሰክርለት ነው አሉኝ። የአማርኛ ጥቅሎች ጠባቂ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የለሁም። መኖሬን በኢሜይል ሳስረዳ «የሌለ ጠባቂ ማመልከት አይችልም» የሚል መልስ ላኩልኝ። ለሌለ ሰው መልስ መጻፍዎ ትሕትናዎን ያሳያል።

እንግዲህ ዋርካ ነፃ ነውና ማንም ቀድቶ ሊያሻሽለው ይችላል። ሰርካለም አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሚኒባስ ሐይቅ መጣች። ባዶ ሱቄ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥንና ጥቅሉን ከባድሩ የመጀመሪያ ጽሑፍ ጀምረን እንደገና ሠራነው። የልጆቹ ዕድሜ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ቤቷ ሲዘረፍ ያላለቀሰችው ሰርካለም ኮምፒውተሩን አቅፋ አለቀሰች። «ሁሉም አሉ፣ ሂዳያ» አለችኝ፤ «ሁሉም ልጆቼ አሉ።» ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰ። አያ ጠሃም ልጃቸው መልሶ አሥራ አራት መሆኑን ሲሰሙ እያጉረመረሙ ሽማግሌዎቹን ከመንገድ መለሱ።

ዛሬ ከደሴም ከመርሳም የመጡ ወጣቶች ቦርድዎ የጣላቸውን ጥቅሎች እያነሱ ሱቄ ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ጥቅሌን መልሱልኝ ብዬ አላስቸግርዎም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከእንግዲህ አንድ ጠባቂ ዝም ሲል፣ ፍላጎት እንደሌለው ከመቁጠርዎ በፊት በሕይወት መኖሩን ይጠይቁለት።

ዕድሜዎን በየትኛውም አቆጣጠር ያርዝምልኝ እያልኩ፣ በፍጹም አክብሮትና በመጠነኛ ማስነጠስ እሰናበታለሁ።

በይፋ የሌለችው፣
ሂዳያ ኡበይድ
ሐይቅ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ «ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር» በሚል ርዕስ በኢንተርኔት በሚያደርጉት ጉባኤ እንድሳተፍ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ፣ «ለአቶ ሂዳያ» ቢልም፣ ደርሶኛል። ኔትወርኩ ምስል ስለማይጎትት በድምፅ ብቻ እገኛለሁ። በመሐል «እምቧ» የሚል ከሰሙ የጎረቤታችን ላም ናት፤ የቦርድ አባል አስተያየት የሰጠ መስሎዎት ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳያሰፍሯት።