የቀዘቀዘው ብርጭቆ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወገቤን ከያዘኝ ሳምንት አለፈ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ቤቴ የሚያመጣው ዳገት አቃተኝ። ልጄም «አባዬ፣ ሰሚት እኔ ጋ ይኑሩ» ማለት ጀምራለች። እኔ ከፒያሳ አልወጣም። ስለዚህ ጎረቤቴን አስካለን ዋግምት እንድታግመኝ ጠራኋት።

ብርጭቆው ውስጥ ጥጥ አንድዳ ወገቤ ላይ ልትደፋው ስትል፣ «ክፉውን ንፋስ ይስብልዎታል» አለች። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ንፋስ የሚባል በሽታ የለም! የሞቀ አየር ይሰፋል። ብርጭቆው ተደፍቶ ሲቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፤ ያኔ የውጭው አየር ሥጋዬን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።»

ጨዋ ናት፤ ብርጭቆውን እንደያዘች እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ጥጡ ጠፍቶ ነበር። ደፋችው፤ አልያዘም፣ ተንከባልሎ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ሲያስተምሩኝ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ሳቀች።

ሕጉ ልክ ነው። ሳይደፋ ከቀዘቀዘ ምንም አይስብም። በሁለተኛው አፌን ዘጋሁ፤ ብርጭቆው ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

ስትሄድ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ራሴ አሰርኩ። ነገ ዳገቱን እሞክረዋለሁ፤ ሰሚት ይቆይ። አስካለ ግን አሁንም ንፋሱ ነው የወጣው ትላለች። ደግማ ስትመጣ አስረዳታለሁ፤ ብርጭቆው ከያዘ በኋላ።