የጋሽ ቶማ ቃል

ወላይታ ሶዶ፣ ረቡዕ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ትንሹ ልጅ የጆሮው ነገር ተሻለው ወይ? ክረምቱ በእናንተ በኩል እንደበረታ ከገሱባ የመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና እየያዘ ነው አሉ። የጓሮውን የቦዬ ተክል ጎርፍ እንዳይወስደው ቦይ አስቀደድሽለት? ባለቤቴ ለገሰ ሰላም ብሎሻል። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ተውኩት።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ከጥር ጀምሮ ስልኬን አታነሺም። በልጆቹ ስልክ ስደውል ደግሞ «እማዬ ጓሮ ናት» ይሉኛል፤ ስድስት ወር ሙሉ ጓሮ የሚውል ሰው የለም፣ እትዬ። ስናወራ በወላይትኛ ነው፤ መጻፉን ግን አንቺም እኔም የተማርነው በአማርኛ ነውና እንደ ልጅነታችን ብዕር አነሣሁ። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ፣ የራሴን መጻፍ እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም።

ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች። ቅዳሜ ዕለት ዕቃዋን ይዛ እኔ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ እንቅልፍ ነው። ከስታለች፤ ግን የፈተና ክሳት ነው፣ ቆጮና ወተት ይመልሰዋል። ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እልክልሻለሁ።

እንግዲህ ጋሽ ቶማን ከቀበርን ስድስት ወር ሆነን። የአባቷ መርዶ ከፈተናው በኋላ ይነገራት የተባለው ቀን ደረሰ። እንዲህ አድርጊ። ዓርብ ስትደርስ ምሳ ትብላ፣ ትረፍ፣ ትደር። ጥቁር ልብስሽን ለአንድ ቀን አውልቂ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂ። አባዬስ ካለች ለሥራ ዲምቱ ሄዷል በያት። ትንንሾቹን ጎረቤት ስደጃቸው፤ ልጅ ምሥጢር አይችልም። ቅዳሜ ሲነጋ ወንጌላዊውና ሽማግሌው አቶ ሻንቆ ይምጡና እነሱ ይንገሯት። እልፍነሽም ትምጣ፤ እጀ ጠንካራ ናት፣ ስትወድቅ ትይዛታለች።

እዘዢኝ ሳትይ እንደማዝሽ አውቃለሁ። ግን አዳሪ ትምህርት ቤቱን ታውቂዋለሽ። ከዞኑ ሁሉ ተመርጠው የመጡ ልጆች ናቸው፤ በየቀበሌያቸው አንደኛ የነበሩት እዚያ ሲገናኙ አንዱ ሃያኛ መውጣቱ የግድ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ፣ እስከ ማታ አራት ሰዓት ያጠናሉ። ስልክ ክልክል ነው። ጠያቂ የሚገባው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ እኛን ወላጆችን ሰብስበው ልጆቻችንን እንዴት እንደምንደግፍ የሚያስረዳ ስድስት ነጥብ ያለው ወረቀት ሰጡን። «እኛን ወላጆችን» አልኩ። ቅጹ ላይ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ከሚለው ውስጥ «አሳዳጊ» የሚለውን ሰርዤ ነው የፈረምኩት፤ ይህንንም እወቂው። የወረቀቱ አራተኛ ነጥብ «ተማሪውን ከቤተሰብ ችግርና ጭንቀት መጠበቅ» ይላል። ቁም ሣጥኔ ላይ ለጥፌው ሳነበው ነው የኖርኩት።

በቀብሩ ዕለት ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ልጁ ሳታለቅስለት አባትን አፈር ማልበስ ከየት የመጣ ነው?» አልሽ። የረዳኝ የጋሽ ቶማ ቃል ነው። ሲያርፍ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ «ቤቴልን ከትምህርቷ እንዳታስነሷት» ብሎ ተናዟል ብዬ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። የሟች ቃል አይሻርም። አቶ ሻንቆም ወንጌላዊውም አንገታቸውን ደፉ፣ አንቺም ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳልሽ ነው።

ሐሙስ ሐምሌ 10

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ልብሷን ላጥብ ተነሣሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻንጣዋን ላስተካክልላት ብዬ ከፈትኩት። መቼም የሰው ዕቃ ካልነካካሁ አይሆንልኝም፣ ታውቂኛለሽ። ከፊዚክስ መጽሐፏ ሥር ጥቁር ሻሽ አገኘሁ። አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ታጥቦ ጠርዙ ወደ ቡናማ ሄዷል።

ይዤው እንደቆምኩ ገባች። አልደነገጠችም። ከእጄ ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችውና መጽሐፉ ሥር መልሳ አኖረችው።

«አክስቴ፣ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለችኝ።

ወጥታ ለምሳ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

እኔ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ወሮቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ በጠያቂ ቅዳሜ የዳታ በርበሬዋንና ቆሎዋን ይዤ ስሄድ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አባቷን ነበር። ሳሉ ተወው? እግሩስ አበጠ? እኔም ተሽሎታል፣ ቦዬውን እየኮተኮተ ነው፣ ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። አፌ ላይ እየቀለለኝ ሄደ። አንድ ቅዳሜማ ላሟ ወለደች ብያት ለጥጃዋ ስም ያወጣላት አባትሽ ነው አልኳት። ሳቀች። ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፣ እትዬ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ የትዕዛዝ እናት ከገሱባ መጥታ ነበር፤ ትዕዛዝ ከቤቴል ጋር የምትተኛ የክፍሏ ልጅ ናት። በር ላይ ሰላም ስላት እጄን ይዛ ቆየችና «አይዟችሁ» አለችኝ። ልብ አላልኩም። በዚያ ቅዳሜ ቤቴል ስለ አባቷ አልጠየቀችኝም። ስንሰነባበት ሁልጊዜ «አባዬንና እማዬን ሰላም በዪልኝ» ነበር የምትለው፤ ያን ቀን «እማዬን ሰላም በዪልኝ» ብቻ አለች። ከዚያ በኋላም እንደዚያው ነው። እኔ ምን ያልኩ ይመስልሻል? ተመስገን፣ ልጅቷን የቤት ሐሳብ ለቀቃት፣ አራተኛው ነጥብ ሠራ አልኩ።

ወዲያው ከሦስተኛ ወደ ሃያ ሁለተኛ ወረደች። ኃላፊ መምህሯ ሚልክያስ አስጠርቶኝ፣ እሷ ባለችበት፣ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደግ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ። ምንም የለም አልኩት። እንዲያውም የእሁዱን ቱቶሪያል ጨምሩላት ብዬ ለመንኩት። እሷንም ፊቱ ቆጣኋት፤ አባትሽ በብርድ በፀሐይ የሚለፋው ለዚህ ነው ወይ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አይደለም» አለች። አፈረች ብዬ ነበር።

በግንቦት ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ተደረገ። በጠያቂ ቅዳሜ ሁሉ ሳልቀር ስለምመጣ ልምድሽን አካፍዪ ብለው ማይክ ሰጡኝ። የቤትን ጣጣ በር ላይ ትቶ መግባት ነው፣ ለልጅ ክፉ ወሬ አይነገርም፣ እኛ ቤት ይህን አድርገን ልጃችን ሐሳቧን ሰብስባለች ብዬ ተናገርኩ። «ልጃችን» ነው ያልኩት። አዳራሹ አጨበጨበ። ተማሪዎቹ ከፊት ተቀምጠው ነበርና አየኋት፤ እሷም አጨበጨበችልኝ።

ልጅ ምሥጢር አይችልም ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው አስቤ ነበር። ይቆይ፣ አንብቢው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን በራሱ አልጠራም፣ ልጅቷ በሻሽ ገልጣ አሳየችኝ። ጋሽ ቶማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንቺ ትንንሾቹን ልታዪ ገሱባ የሄድሽ ጊዜ፣ አጠገቡ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከትምህርት ቤቷ እስከ አልጋው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እትዬ፣ ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸውን እሱ አላለም። ከአፉ የወጣው እንዲህ ነው፦

«ቤቴልን ጥሩልኝ። ትምህርት ቤቷ እዚህ ቅርብ አይደል?»

እሺ አልኩት። የመንፈቅ ፈተና ላይ ነበረች፤ ሐሙስ ያልቅላት ነበርና ሐሙስ አመጣታለሁ ብዬ በልቤ ወሰንኩ። ይህ ሰኞ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ያዞር ነበር። ነርሷም ስትገባ፣ ምግብ አመላላሿም ስትገባ፣ ያዞራል። «መጣች?» ይለኛል። እየመጣች ነው እለዋለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት መጠየቁን ተወ፤ ማየቱን ግን አልተወም። ረቡዕ ጠዋት አረፈ። አንቺ የደረስሽው ከዚያ በኋላ ነው።

ወረቀቱ ነው ያሳሳተኝ ልልሽ እችል ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። ወረቀቱ የሚሞትን አባት ደብቂ አይልም። እኔ አልወለድኩም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲመረቅ ቆሜ ሳጨበጭብ ኖሬአለሁ። አንዲት ልጅ በእጄ ላይ ዶክተር እንድትሆን፣ ሰው እኔን አይቶ እናቷ እንዲለኝ ፈለግሁ። ያን ሳምንት አባቷን ካየች ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው፣ አፈርኩበት።

ስለዚህ ሽማግሌ አትሰብስቢ። ትናንት ያልኩሽን ሁሉ ተዪው። ፎቶው ከቦታው አይነሣ፣ ልብስሽንም አትለውጪ፣ ልጆቹም ቤት ይሁኑ። አንቺ ብቻሽን መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበያት። ሦስት ወር ሙሉ አጽናኝ ሳይኖራት፣ ደወል እየጠራት፣ ሌሎቹ ልጆች እንዳይሰሟት ነው ያለቀሰችው። ሰው እንዳለው ሰው ታልቅስ። መቃብሩን አሳያት። ውጤቷን የመጣ ጊዜ እናየዋለን፤ ብታልፍም ቢያመልጣትም አትጠይቂያት።

የሟችን ቃል የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ለአቶ ሻንቆና ለወንጌላዊው ራሴ መጥቼ ፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ። በጊፋታ ተጣልቶ ወደ አዲስ ዓመት አይገባም ትል ነበር እናታችን። ብትፈቅጂ በጊፋታ እመጣለሁ። ባትፈቅጂም ለሽማግሌዎቹ እመጣለሁ፤ ደጃፍሽን ግን ሳትጠሪኝ አልረግጥም።

ለቤቴል በአፌ ልነግራት ሞክሬ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርቱን አብሬያት ላጥኩ፤ የሁለታችንም ዓይን እያነባ ሽንኩርቱ አለቀ። ስለዚህ ፖስታውን አላሸግኩትም። ነገ ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል በእጇ እሰጣታለሁ። መናኸሪያ እንድትወጪና ቤቱን እንዳለ እንድትተዪው ግን ዛሬ ማታ በልጆቹ ስልክ አስነግርሻለሁ። ከሶዶ ገሱባ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ ለማንበብ ጊዜ አላት። ቀድዳ ብትጥለው መብቷ ነው፤ ያኔ ለአንቺም በአፌ መናገር ይኖርብኛል።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያበርታው። ያጎደልኩብሽን እሱ ይሙላልሽ፤ ትንንሾቹን በጤና ያሳድግልሽ፣ ትልቋንም ደረትሽ ላይ አድርሶ ያሳርፍልሽ። ለጋሽ ቶማ የምለው የለኝም፤ ልጁ እየመጣችለት ነው።

ታናሽ እህትሽ፣
የቤቴል አክስት