የአስተርጓሚው አበልጅ

ታኅሣሥ 30 ቀን 1930፣ አንኮበር

...አስተርጓሚው ይሁኔ በጣቱ ወደ ቤታችን አመለከተ፤ የጣሊያን ሶላቶዎች ገቡ። ባሌ ኃይለሚካኤል እጁን ታጥቦ አልጨረሰም ነበር። የሚያደርቅበት ላቀብለው ዞር ስል... ከዚያ ወዲያ ያለው አይያያዝልኝም። ባሌን የገደሉት በነሐሴ ነው። ዛሬም እጁን ሲታጠብ አየዋለሁ።

ገና ትናንት አለፈ። ጥጥ ስፈትል ዋልኩ፤ ክሩ እየተበጠሰ። ጌታ ተወለደ፤ እልል ተባለ። ከዚያስ?

ጥር 3

ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት መታሰቢያ። መልአኩ ለዮሴፍ በሕልሙ ነገረው፤ ልጁን ይዞ ሸሸ። ለሌሎቹ እናቶች ማን ነገራቸው? ለእኔስ? ከገና ቀጥሎ ያለው ሰይፍ ነው። ይህን ማን በእልልታ ያወራዋል...

ጥር 6

ግዝረት። የንስሐ አባቴ አባ ዘርአ ዳዊት መጡ። ይሁኔ፣ ያ የጣሊያን አስተርጓሚ፣ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ሰማንያ ቀኗ በቃና ዘገሊላ ይሞላል። ክርስትና እናት ሁኚ አሉኝ።

ወዲያው ገባኝ። አበልጅ ከሆንን ደም የለም። የባሌ ወንድሞች ከጫካ ወርደው ቢገድሉት ነውሩ የእኔ ሊሆን ነው። ከእኔ ግንብ ሊሠራ!

«አባ፣ ሕፃኗን ጋሻ አድርጎ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እሷ ግን አታውቅም።»

ሳልሸኛቸው ቀረሁ።

ጥር 8

ሚስቱ ሸዋወርቅ ራሷ መጣች፤ ሕፃኗን አዝላ። ከልጅነታችን አብረን ውሃ የቀዳን ነን። አላለቀሰችም። የጠየቀቻቸው ሁሉ ሸሽተዋታል፤ አንዷ አሞኛል ስትል፣ ሌላዋ መንገደኛ ነኝ ብላለች። የባንዳ ልጅ የሚያነሳ ጠፋ።

«አንቺ እንቢ ብትይ እንኳ ፊት ለፊት ነው፣ ዘርፌ። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

እንቢ አልኳት። እሺ ብላ ተነሳች። ሕፃኗ አስነጠሰች። «ይማርሽ» ልል ነበር... አላልኩም።

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ውሃው ዳር አደረ፤ ጠመንጃ የያዙ ሶላቶዎች ዙሪያውን። ይሁኔ ከሶላቶዎቹ አለቃ ጎን ቆሞ ይስቃል። ጌታ ከዚህ ሁሉ ኃጢአተኛ ጋር ተሰልፎ ወንዝ ገባ። እንዴት አስቻለው? ዮሐንስ ዘንድ ወታደሮችም መጥተዋል። ሰልፉ ውስጥ እነማን እንዳሉ አላየም?

ማንንም ይቅር አላልኩም። ግን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ሄሮድስም የፈራው አንዱን ነው፤ የመታው ሕፃናቱን። እኔስ?

እሺ ብዬ ወደ ሸዋወርቅ ላክሁ።

ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። አነሳኋት። ወለተሐና ተባለች። እንደ ሥርዓቱ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞርኩ፤ ይሁኔ እዚያው ቆሟል። ስለ እሷ «እክህደከ ሰይጣን»፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ ያልኩት እሱን እያየሁ ነው። አቀረቀረ። ውሃው በረዶ ነበር፤ ጮኸች። እኔም ይህን ሁሉ ወር መጮህ የፈለግሁት እንዲያ ነበር...

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ሦስቱም መጡ፤ እሱ የበግ ሙዳ ሥጋ ይዞ። ደጃፌ ላይ ቆመና መንደሩ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አበልጄ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆነናል» አለ።

«የባሌ ወንድሞች አይነኩህም፤ ልኬባቸዋለሁ» አልኩት። «ከእኔ የምታገኘው ይኸው ነው።»

ሊገባ ጎንበስ አለ። ሕፃኗን ተቀበልኩ። ሸዋወርቅን እጇን ይዤ አስገባኋት።

በሩን ዘጋሁበት።