መጀመሪያ የእኛ ጉድጓድ ይዘጋ፦ የወይዘሮ ዛፊሪያ ካራምቤላ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወይዘሮ ዛፊሪያ ካራምቤላ ከአባታቸው ከአቶ ፓናጎስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጊሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1947 ከሊጋሪያ ወደብ በላይ ባለችው በካስታኒያ መንደር ተወለዱ። አያታችን ሲናገሩ እንደሰማነው ድኸው አያውቁም፤ አንድ ቀን ተነሥተው ሄዱ። ይህን የሚጠራጠር እናታችንን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው አጠናቀው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ቢገቡም ብዙ ሳይቆዩ አቋረጡ። አባታቸው ምክንያቱን ሲጠይቋቸው «መቀመጥ አልቻልኩም» ብለው መለሱ። በ1965 ወደ አቴና ሄደው የፀጉር ሥራ ተማሩ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሙያ ነውና ተስማማቸው። በ1970 ሊጋሪያ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈቱ። በተከታዩ ዓመት ከአባታችን ከአቶ ያናኮስ ካራምቤላስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው እኔን ዲዮኒሲያን እና ወንድሜን ፓናጎስን ወለዱ። አባታችን ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ስታማቲስ ጋር ባሕሩ ዳር የብርቱካን እርሻ ነበራቸው። እርሻውም ጉድጓዱም የሁለቱ ነበር።

የከተማችን የቧንቧ ውኃ መበላሸት የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በመጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ጋገረ፤ ቀጥሎ ሳሙና አላረፋ አለ፤ በኋላ ውኃው ራሱ ጨው ጨው ማለት ጀመረ። ሌላው ሰው የታሸገ ውኃ እየገዛ ዝም አለ። እናታችን ግን እንግድነት በሄድንበት ቤት ሁሉ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ወጥ ቤት ገብተው ቧንቧ እየከፈቱ ይቀምሱ ነበር። አባታችን በኀፍረት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

በ1988 በጋ አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ዕለት ልትታጠብ መጣች። ሻምፑው አላረፋ ብሎ ፀጉሯ እንደ ገመድ ተጣበቀ። «እትዬ ዛፊሪያ፣ ምን አደረጉኝ? በዚህ ፀጉር ልዳር?» ብላ አለቀሰች። እናታችን መቀሱን አስቀምጠው «ተነሡ» አሏቸው። ሙሽራዋንና ደንበኞቻቸውን፣ ገሚሶቹን ሳሙናው ከራሳቸው ላይ ሳይታጠብ፣ በዋናው መንገድ አስከትለው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገሰገሱ። የዓሣ ነጋዴዎቹ እያጨበጨቡ ሸኟቸው።

ከንቲባው ደንግጠው፣ «ውኃው ተመርምሯል፤ የሚጠጣ ነው» አሏቸው።

«እርስዎ ይጠጡታል?»

«እኔማ ሆዴን ስለሚያመኝ የታሸገ ነው የምጠጣው።»

ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ። ሙሽራዋም በዚያው ዕለት በታሸገ ውኃ ታጥባ ተዳረች።

ይህን ታሪክ ሊጋሪያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ የተከተለውን ግን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው። እናታችን እውነት እውነቱን መስማት ይወዱ ነበርና እነግራለሁ።

ጉዳዩን እንዲያጣራ የተላከው የውኃ ባለሙያ ከተማው የሚጠጣበት ውኃና የብርቱካን እርሻዎቹ የሚጠጡበት አንድ መሆኑን አስረዳቸው። በባሕሩ ዳር ያሉት ጉድጓዶች በየበጋው ጣፋጩን ውኃ እየሳቡ በጨረሱ ቁጥር ባሕሩ በመሬት ውስጥ ወደ ከተማው ይገባል። እናታችን «የእነማን ጉድጓዶች ናቸው?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ጫማውን እያየ፣ «የእናንተ ከሁሉም ለባሕሩ የቀረበው ነው፣ እትዬ» አላቸው።

በዚያ ምሽት ገበታ ላይ አጎታችን ስታማቲስም ነበሩ። እናታችን የሰሙትን ሲናገሩ አጎቴ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ሻምፑ እንዲያረፋልሽ ብለሽ ዛፌን ልታደርቂ ነው?»

«ዛፉማ እየደረቀ ነው። የቅጠሉን ጫፍ አላየኸውም? ጨው አቃጥሎታል።»

«አንቺ ቅጠል ማየት የጀመርሽው መቼ ነው? ጥፍር ቀቢ!»

አባታችን ሳህናቸውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እናታችንም መልሳቸውን አልጠበቁም። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ እንሰማቸው ነበር። ጉድጓዶቹ ይዘጉ አይዘጉ ለመወሰን ሕዝቡ በተሰበሰበ ዕለት ገበሬው ሁሉ «የጎረቤቴ ይዘጋ» እያለ ሲጨቃጨቅ እናታችን ከኋላ ተነሥተው፣ «መጀመሪያ የእኛ ጉድጓድ ይዘጋ» አሉ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባታችን መንገድ ላይ ቆመው፣ «ቀድመሽ ልትነግሪኝ አይገባም ነበር?» አሏቸው።

«ብነግርህ ትከለክለኝ ነበር።»

«አዎ፣ እከለክልሽ ነበር።»

በማግሥቱ አባታችን ፓምፑን በገዛ እጃቸው ነቀሉ። የባሕር ዳር ጉድጓዶች ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ተዘጉ። ብርቱካኑ ደረቀ። አባታችን ወደብ ላይ ሥራ አገኙ፤ አጎቴ ግን ከእርሻ በቀር የሚያውቁት አልነበረምና የሆቴል ዘበኛ ሆኑ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናታችንን አላናገሯቸውም። እናታችን በየፋሲካው የጠበሱትን በግ ይልኩላቸው ነበር፤ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። አንድ ጊዜ፣ «እማዬ፣ ትክክል ነበርሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትክክል ነበርኩ። ግን የሰው እንጀራ ነበር» ብለው ተነሡና የታጠበውን የማዕድ ቤት ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመሩ።

በ1998 ከተራራው ምንጭ የተሳበው ጣፋጭ ውኃ ከተማችን ገባ። የሻምፑው አረፋ በመዳፍ ላይ ሞልቶ ሲፈስ ደንበኞቻቸው እንደ ልጅ ተረጫጩ። አባታችን በሩ ላይ ቆመው፣ «አሁንስ አረፍሽ?» ቢሏቸው፣ እናታችን «ስታማቲስ ሰፈር ደርሷል?» አሉ። አልደረሰም ነበር። የዚያ ሰፈር ቧንቧ ዝጎ ስለነበር እስኪቀየር ድረስ በየሳምንቱ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ተመላለሱ። ተቀየረም። አጎቴ ግን ለጎረቤቶቻቸው፣ «የእሷ ውኃ በጉሮሮዬ አይወርድም» ብለው የታሸገ መግዛታቸውን ቀጠሉ።

አባታችን በ2011 አረፉ። አጎቴ ለቀብራቸው መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ ጥዱ ሥር ቆዩ፤ ንፍሮው ሳይታደል ሄዱ።

እናታችን በ2016 የልብ ሕመም አደረባቸው። ሐኪሞቻቸው ዕረፍት ሲያዙላቸው እርሳቸው የሆስፒታሉን ኮሪደር ይመላለሱ ነበር። ነርሶቹ «እትዬ ዛፊሪያ፣ ይተኙ እንጂ!» እያሉ ሲከተሏቸው፣ የአንዷን ፀጉር ዳበስ አድርገው «ይህንን ማን ነው የቆረጠልሽ?» ብለው ያስቋቸው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት አጎቴ ዘንድ ሰው ልከው እንዲመጡላቸው ጠየቁ። መልስ አልመጣም። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ኅዳር 12 ቀን 2017 ማለዳ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ከኋላቸው ልጆቻቸውን ዲዮኒሲያንና ፓናጎስን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን እና በሊጋሪያ የማይቆጠሩ ራሶችን ትተዋል። እስከ መጨረሻው ወንድሜ ሊሏቸው የፈለጓቸውን አቶ ስታማቲስ ካራምቤላስን ትተዋል። ይህን ስጽፍ አጎቴ ለቀብራቸው ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ከመጡ ግን ጥዱ ሥር አይቁሙ፤ ቦታቸው ከእኛ ጋር፣ ከፊተኛው ረድፍ ነው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

በሕይወት ዘመናቸው ያልወደዱትን ዕረፍት እናታችን በእግዚአብሔር ዘንድ ይውደዱት። ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያኑርልን፤ ለተበደለውም ለበደለውም ልብ ይስጥልን። አሜን።