ስለ ፖም መጭመቂያህ

ይድረስ ለተሰማዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊያልቅ ነው። ደብዳቤ ስጀምር ጤንነት መጠየቅ ልማዴ ነበር፤ አሁን ለአንተ ቦታ የሌለው ጥያቄ ስለሆነ አልፈዋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ቤታችን እንደተውከው አይደለም። የፊት ለፊቱን ሁለት ክፍል ቀበሌው ትርፍ ነው ብሎ ለሌላ ቤተሰብ ሰጥቶታል። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን በር ከፍተው መዝጋት አያውቁም። ለእኔ መኝታ ቤቱና ማድ ቤቱ ቀርተውልኛል። የጓሮው ክፍል፣ ያንተ ክፍል፣ ታሽጓል። በሩና መቃኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ማድ ቤት በገባሁ በወጣሁ ቁጥር በአጠገቡ አልፋለሁ። ዝናቡ ጫፉን ሲያነሳው፣ እሷ ቀደደችው እንዳይሉኝ በሊጥ መልሼ አጣብቀዋለሁ። የገዛ ቤቴን እሽግ የምጠብቅ ዘበኛ ሆኜልሃለሁ።

የታሸገው በመጻሕፍቱ ምክንያት ነው። ወዳጅህ የነበረው እንግሊዛዊ መምህር ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተሰናብቶ አገሩ ሲገባ የተወልህን ሦስቱን ማለቴ ነው፤ ከፖምና ከዘመዱ ከፒር መጠጥ ስለ መጥመቅ የተጻፉትን። ጅማ ላይ ፖም ሳይኖር ሦስት የፖም መጽሐፍ ይዘህ ስትገባ ሳቅሁብህ። አንተ ግን የዚያኑ ማታ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርክ፤ እኔም በካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት በተማርኩት እንግሊዝኛ እያስተያየሁ በቀይ እርሳስ አረምኩህ። «የፖም ጠጅ» ብለህ ስትጽፍ ማር የሌለበት ጠጅ አይባልም ብዬ ሰረዝኩት። በማግሥቱ መልሰህ ጻፍከው። አሁንም ልክ አልነበርክም።

መጻሕፍቱን ደግሞ ወደድኳቸው፤ ይህን በሕይወትህ ሳለህ በግልጽ አልነገርኩህም። አንደኛው ጸሐፊ ያልሞከረውን የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ከገጽ ገጽ ራሱን ይቃረናል። ሁለተኛው ግን እንደ እኔ ጥንቁቅ ነው። ጥሬውን ቢነክሱት አፍ ጥርቅም አድርጎ የሚያስር፣ ከብት እንኳ የማይቀምሰው ፒር እንዳለ፣ ከሁሉ የሚበልጠው መጠጥ ደግሞ ከእሱ እንደሚወጣ ያስረዳል። አንዱ ዓይነት በተለቀመበት ቀን ካልተጨመቀ እንደሚበላሽ፣ ሌላው ሣር ላይ ተከምሮ እስኪለሰልስ መቆየት እንዳለበት ለይቶ ይነግራል። ያን ምዕራፍ ስታነብልኝ ድምፅህ ይለወጥ ነበር።

መጭመቂያውን ያሠራኸው ከመጽሐፉ ሥዕል ነው። እንጨቱን አናጢ ጠረበልህ። ጠመዝማዛውን ብረት ከሰርቦ ከተማው የቡና ነጋዴ፣ ከተሰበረ የቡና መፈልፈያ ላይ አገኘኸው። ሰውዬው ለምን እንደምትፈልገው ጠየቀህ፤ ፍሬ ለመጭመቅ ነው አልከው። «ከተጨመቀ በኋላስ?» ሲልህ አሳለህ። «ወላሂ፣ ይቺ ሳል አላማረችኝም። ብረቱን ውሰድ፤ መልሱን ግን እንዳትነግረኝ» አለህ። ቤት ገብተህ ስትነግረኝ ዕንባህ እስኪወርድ ሳቅክ።

ፖሙን ያመጣልህ ጳውሎስ ነው፤ የመንደራ ቆጪ ሰፈሩ ሸማኔ። በደቡብ ደጋ፣ በትውልድ አገሩ፣ ሚስዮናውያን የተከሉት ፖም አለ ብሎ በጆንያ በጭነት መኪና አስመጣልህ። ሊጠመቅ መሆኑን ሲሰማ ደነገጠ። እሱ ጴንጤ ነው፤ መጠጥ አይቀምስም። «ጋሼ፣ በጸሎት ያስመጣሁትን ፍሬ ልታሰክሩት ነው?» አለ። ቢሆንም የተፈጨውን ፖም የምትጠቀልልበትን ሻካራ ጨርቅ የሸመነልህ እሱ ነው። በምትጨምቅበት ዕለት ቀድሞ ይመጣና ገና ጣፋጩን፣ ያልፈላውን ጭማቂ በጣሳ ጠጥቶ፣ አንተን በኀዘን እያየ ይሄዳል።

እኔም ከልማዴ ጋኑን እንደ ጠላ ጋን በወይራ አጥኜ ሰጠሁህና መጠጡ ጭስ ጭስ አለ። «ይህን እንግሊዞቹ አያውቁትም» ብለህ ጠጣኸው። ቀጣዩ ኮምጣጤ ሆነ፤ መጽሐፉ በረዶ በሚወርድበት አገር ቀዝቃዛ ምድር ቤት አስቀምጡት ይላል፣ እኛ ደግሞ ምድር ቤት የሌለን የጅማ ሰዎች ነን። ክረምቱን ሙሉ ሰላጣ በላን።

ይህን ሁሉ የማወራው አንተ ስለማታውቀው አይደለም። ሌላ የማወራው ሰው ስለሌለ ነው።

ተዝካርህ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ የቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። ሰው መጽሐፉን ሲያቃጥልና ሽንት ቤት ሲጥል እኔ አንዱንም አልነካሁም፤ ስለ ፍራፍሬ የተጻፈ ማንን ያስቆጣል ብዬ። አብዮት ጠባቂዎቹ የጓሮውን ክፍል ከፈቱት። ጠመዝማዛ ብረትና ሁለት ሳንቃ ያለው መጭመቂያ አገኙ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኙ፤ ውስጡ የዚያው መሣሪያ ሥዕል፣ በቀስትና በቁጥር። ጨርቆቹንም አገኙ። የፖም ጭማቂ ብረት ሲነካው እንደሚጠቁር አንተ ታውቃለህ። እነሱ ግን ቀለም ነው አሉ። በራሪ ወረቀት የሚታተምበት መሣሪያ ተያዘ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ቀበሌ ቀርቤ እፈርማለሁ። ከኬላው ማለፍ አልችልም። ሊቀመንበሩ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወንበር ይስብልኛል። የፖም መጭመቂያ ነው ስለው ሳቀ። «እማማ አስካለ፣ ፖም እኮ የፈረንጅ ነው። እሺ፣ አለ እንበል። ማን አመጣልዎት?»

ፊርማዬን ፈርሜ ወጣሁ። ጳውሎስ የጸሎት ቤታቸው በተዘጋ ጊዜ አንድ ጊዜ ታስሮ ወጥቷል። ስሙን ብጠራ ሁለተኛ የሚወጣ አይመስለኝም። እሱ ራሱ መጥቶ ለመነኝ፤ «ልሂድና ልንገራቸው እማማ፤ ያመጣሁት ፖም እንጂ ቦምብ አይደለም» አለ። ወደ ሸማው እንዲመለስና እደጄ እንዳይደርስ አዘዝኩት። እንደምታውቀው፣ ስቆጣ የማይታዘዘኝ አንተ ብቻ ነበርክ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ልጃችን ጽጌ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። እርግዝናው አልተመቻትም፤ ሐኪም ተኚ ብሏታል። እማዬ ድረሽልኝ ብላ ጻፈች። የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ በምትኩ የተተየበ ወረቀት ሰጠኝ፤ መሣሪያው የሟች ባለቤቴ እንደነበረ፣ በራሪ ወረቀት ያባዛበት እንደነበረ፣ እኔ እንደማላውቅ የሚያረጋግጥ። ከፈረምኩ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ይለፉ በዕለቱ ይሰጠኛል። «እሳቸው እኮ ከእንግዲህ አይታሰሩም» አለኝ በለሆሳስ። «ማንን ይጎዳል?»

ተሰማዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልፈርም ነበር። ድምፅህን ሰማሁት፤ «ፈርሚና ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ስትል። ብዕሩን አነሳሁ። ግን ሳላነብ ፈርሜ ስለማላውቅ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረው፤ አረምኩለት። ሦስተኛው መሥመር ላይ «ከግብረ አበሮቹ ጋር በመሆን» ይላል።

«ግብረ አበሮቹ እነማን ናቸው?» አልኩት።

«ያው የአጻጻፍ ልማድ ነው እማማ።»

«ልማድ ከሆነ ይሰረዝ።»

«ከላይ ተተይቦ የመጣ ነው፤ አይሰረዝም።» ለማስረጃ ተወስደው ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት ጨርቆችህ አንዱን አንስቶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። «ጥሩ እጅ ነው። ማን ነበር የሸመነው?»

ብዕሩን ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት።

ይህን ለጽጌ ልጽፍላት አልችልም፤ ደብዳቤ ይከፈታል። በሰውም አልልክባትም፤ ሰው ያወራል። እሷ የምታውቀው እናቷ የአባቷን ስም አላስነካም ብላ መቅረቷን ብቻ ነው። በቡና መኪና ሾፌር መልስ ላከችብኝ። ሾፌሩ ዓይኔን ላለማየት መሪውን እየጠረገ ነገረኝ፤ «አባዬ ሞቷል፤ እኔ ግን አለሁ በላት ብለውኛል።»

እሺ ነግረሃል፣ መንገዱን ያቅናልህ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ወልዳለች። ሁለቱም ደህና ናቸው አሉ። ስሟን ግን አልነገሩኝም። ስሰማ መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ፤ እዚያ ለመድረስ ፈቃድ አያስፈልግም።

ሰኞ እንደገና እቀርባለሁ። ወረቀቱ ይወጣል፤ አንብቤ እመልሰዋለሁ። ጽጌ አንድ ቀን ትረዳኝ ይሆናል፣ ወይም እንዲሁ ተቀይማኝ ትኖር ይሆናል፤ ሁለቱንም አስቤበታለሁ። አንተን ግን እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፤ እጅጌህን እስከ ክርንህ ሰብስበህ፣ ጭማቂው በአንጓህ እየወረደ፣ ለጳውሎስ ጣሳ ስትሞላለት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በእጄ ጽሕፈት ሌላ ሰው አትሆንም።

ያንተው አስካለ